ሁሉን ተርጉሚለት

ባሌ በዚህ ዓለም የሚያምነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ የሕግ መጽሐፉንና በቅሎውን። በቅሎዋንም ቢሆን ሲቀመጥባት እንጂ ስትታሰር አያምናትም፤ የታሰረችበትን ጠፍር ሦስቴ ሳይነካካ ቤት አይገባም። ዛሬ ይህን ሳወራ ልጆቼ ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ሣቅ በቤታችን ውስጥ አደገኛ ነገር ነበር፤ ማን በማን ሣቀ ተብሎ ይጠየቅበታል።

ነገሌ ቦረና ዳኛ ሆኖ ሲመጣ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሱ የሰሜን ሰው ነው። ከጭነት መኪና ላይ ሲወርድ አንድ የእንጨት ሣጥን ብቻ ይዞ ነበር፣ እሱንም ለተሸካሚ አልሰጠም ይባላል። እኔ የነገሌ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ እናቴ የሊበን ቦረና ልጅ። በቤታችን በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ የሚያልቅ ወሬ የተለመደ ነው፤ የቱ ጋ እንደተሻገርኩ ለራሴም አይታወቀኝም ነበር። አባቴ በሞተ በዓመቱ ዳኛው ሽማግሌ ላከ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሲናገር ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ወደድኩት። አልዋሽም፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

አመሉን ያየሁት ከሠርጋችን በሦስተኛው ሳምንት ነው። በገበያ ቀን አብረን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ የከብት ነጋዴ ሰላም አለን። በእኛ አገር ሰላምታ አጭር አይደለም። "ናጋ?" ብሎ ይጀምራል፣ ሰላም ነው ወይ ለማለት። ከዚያ ከብቱ ሰላም ነው ወይ፣ ልጆቹ ሰላም ናቸው ወይ፣ ዝናቡስ ዘንቧል ወይ እያለ አገር ምድሩን ይጠይቃል፤ የቱንም ቢጠይቅ መልሱ "ናጋ" ነው። ባሌ "ምን አለ?" ሲለኝ ተረጎምኩለት። ቆመ። "ስለ ላሜ ምን አገባው? በረታችንን ማን አሳየው?" አለኝ። እኔ ሣቅኩ፣ እሱ አልሣቀም። በዚያው ሳምንት በረቱን ከፊት ለፊት ነቅሎ ወደ ጓሮ አዛወረው።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ቅጡ። ሲቀዳ ያላየውን ውሃ አይጠጣም። ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም፤ ግብዣ ቤት ብንሄድ ወንበር አዙሮ፣ ሰው አስነሥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ በሩን እያየ ነው የሚበላው። ሁለት ሰዎች ዛፍ ሥር ቆመው ሲያወሩ ካየ መንገዱን ተሻግሮ በአጠገባቸው ያልፋል። ሰላም ያለውን ሰው "ምን ፈልጎ ነው?" ይላል፤ ሰላም ያላለውን ደግሞ "ምን ሠርቶ ነው?" ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? እሱ ስንጥሩን ሲፈልግ ገንፎው ይቀዘቅዝበት ነበር።

እብድ አልነበረም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ጎረቤት ብዙ ስላወራ ነው። አንዷ መተት ነው አለች፣ ሌላዋ ጠበል ውሰጂው አለችኝ። ጠበሉን ማን እንደቀዳው ሳያይ እንዴት ይጠጣ! ብቻውን አያወራም፣ የሌለ ነገር አይታየውም፣ መዝገቡን በቁጥሩ ያስታውሳል፣ ሸሚዙን በየቀኑ ይቀይራል፣ እጁን አንድ ቀን አላነሳብኝም። ሰው ሆኖ የተሠራው እንደዚያ ነበር፤ የሌላው ሰው ልብ ለእሱ የተቆለፈ ሣጥን ነው፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ ስለ እሱ የተዶለተ ነገር ነው።

በዚያው አመሉ የሠራውን ደግ ነገር ካልተናገርኩ ግፍ ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ ከፊልቱ ሁለት ሰዎች በአንዲት ግመል ተካሰው መጡ። አንደኛው ሀብታም፣ ሦስት ምስክር ያለው፤ ሌላኛው ብቻውን የቆመ ድሃ። ሦስቱም ምስክሮች በየተራ ቀርበው ማሉ። ግመሏ ጭን ላይ የተተኮሰው ምልክትም የሀብታሙ ነበር። ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ሊነሣ ሲል ባሌ ከወንበሩ ወርዶ ግመሏ የታሰረችበት ድረስ ሄደ። ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ምልክቱን አሸው። የተቀባበት ቅቤና አመድ ለቀቀና ከሥሩ ገና ያልጠገገ ቁስል ታየ፤ ከቁስሉ ሥር ደግሞ አሮጌ ሌላ ምልክት። "ሦስቱም አንድ ቃል ሳይለውጡ ነው የተናገሩት። እውነት የሚናገሩ ሰዎች ትንሽ ይለያያሉ" አለ። ድሃው ግመሉን እየጎተተ ሄደ። ያን ቀን በባሌ ኮራሁ።

ያንኑ ዓይኑን ወደ እናቴ ሲያዞረው ግን ኩራቴ ጠፋ።

እናቴ ብቻዋን ከምትኖር ብዬ ወደ ግቢያችን አምጥቼ በጓሮ ባለችው ትንሽ ቤት አስቀምጬያታለሁ። በቦረና ወግ አማት ለሶዳ፣ ማለት ለልጇ ባል፣ ትልቅ አክብሮት አላት። ፊቱን ትክ ብላ አታየውም። ሲመጣ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ትስባለች፣ ወሬዋን ታቋርጣለች፣ ዞር ትላለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ስለምታከብረው ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ባሌ በር ሲከፍት አንዲት ሴት ወሬ ታቋርጣለች፣ ፊቷን ትሸፍናለች፣ ትዞራለች። በአገሩ ዓይን እንዲህ የሚሸሸው ጥፋት ያለበት ሰው ነው። እሷ ባከበረችው ቁጥር እሱ ይጠረጥራታል፤ እሱ ሲኮሳተር ደግሞ እሷ ያጎደለችው ክብር ያለ እየመሰላት ይበልጥ ትሸፈናለች።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከችሎት ሲመለስ እኔና እናቴ ጓሮ ተቀምጠን በአፏ ጆንያ ይዛ በሮጠች አንዲት ፍየል እንስቅ ነበር። እሱ ብቅ ሲል እናቴ ጸጥ አለች፣ ነጠላዋን ሳበች። እኔም ሳላስበው ጸጥ አልኩ። እዚያው ቆሞ ትንሽ አየንና "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ኦሮምኛ አይነገርም። የማይመቸው ካለ ወደ ዘመዱ ይሂድ" አለ። ድምፁን አላነሣም።

ፍየሏን ነገርኩት፣ ማልኩለት፣ አለቀስኩ፣ ማር አምጥቼ አቀረብኩ። ማሩን ባየ ጊዜ ይበልጥ ፊቱ ጠቆረ። አባቴ ከእሷ ጋር በኦሮምኛ ብቻ ያወራ ስለነበር እናቴ የምታውቀው አማርኛ "ደህና"፣ "እንጀራ" እና "እግዜር ይስጥልኝ" ነበር። በእነዚህ ሦስት ቃላት ስንት ቀን ይኖራል? አሥራ አንድ ቀን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ቀን እናቴ ጓሮ ቁጭ ብላ ምንጣፍ ስትሠራ ከአፏ ቃል አልወጣም፤ ዞር ስል ግን በዓይኗ ትከተለኛለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ልብሴን ጠቀለልኩ። ወይ እናቴን አስወጥቼ ባሌን እይዛለሁ፣ ወይ ከእናቴ ጋር እወጣለሁ፤ ሦስተኛ መንገድ አልታየኝም፣ ልቤም ወደ እናቴ አመዝኗል።

የፍቺ ነገር በሽማግሌ ስለሚጀመር መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ነው። ከወደ ሜጋ የመጡ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። አማርኛውን ከወታደር፣ ሶማልኛውን ከግመል ነጋዴ፣ ጥቂት ጣሊያንኛም ከመንገድ ሥራ ለቅመዋል። ከባሌ ጋር አምስት ዓመት ሠርተዋል፤ ሌላው ጸሐፊ፣ ሌላው ዘበኛ ሁሉ ዓመት ሳይሞላው ሲባረር እሳቸው ብቻ ቀርተዋል።

"አባባ፣ ልፈታው ነው" አልኳቸው።

"አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። "ፍቺው የትም አይሄድ። ነገ ችሎት ገብተሽ አንድ ጠዋት ተቀመጪ። ከዚያ ያልሽውን አደርጋለሁ።"

ገባሁ። ከኋላ ከባለጉዳዮች ጋር ተቀመጥኩ። አስተርጓሚው ባሌ አፋቸውን በሚያይበት በኩል ቆመዋል፣ እጆቻቸው ከሆዳቸው በላይ ይታያሉ። ከሳሹ ሲናገር ይተረጉማሉ። ይህስ ሥራቸው ነው። ግን ከሳሹ ወደ ወንድሙ ዞሮ አንድ ነገር ሹክ ሲል እሱንም ተረጎሙ፤ "ጌታዬ፣ ጥላው ወዳለበት ጠጋ በል አለው።" ከውጭ አንድ ሰው ሲጮህ "አህያውን ነው፣ ና አንተ ውሻ አለው" አሉ። አንዲት ሴት ከአጠገቤ ለጎረቤቷ በኦሮምኛ ስትናገር "እግሬ ደነዘዘ አለች፣ ጌታዬ" አሉ። ሕዝቡ ሣቀ። የባሌ አንገት ሲገተር አየሁ። ሽማግሌው ትንፋሽ ሳይወስዱ "የሣቁት በእኔ ነው። ይኼ ሰውዬ ቁንጫ ሲነክሰውም ሊተረጉም ነው ብለው ነው" አሉት። የባሌ አንገት ቀስ ብሎ ላላ፤ "ቀጥል" አለ። ነገሩ በዘገየ ቁጥር ባለጉዳዩ ያጉረመርማል፣ እሳቸው ማጉረምረሙንም ይተረጉማሉ።

ስወጣ ግራር ጥላ ሥር ጠበቁኝ።

"ወንድም ነበረኝ" አሉ። "ታላቄ። የእኛን ኤላ አይተሻል? ጥልቁን የውሃ ጉድጓድ? ወንዶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ላይ ቆመው የቆዳ ባልዲ ይቀባበላሉ። ወንድሜ ግን ከማንም በታች አይቆምም። ከላዬ ያለው ይጥልብኛል ይላል። ወጣት ሆኖ እንዲያ፣ ሸምግሎም እንዲያ። ምን አደረግነው? አልመከርነውም። አልሰደብነውም። ሁሉንም ሰው ከሚያይበት ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አቆምነው። እስኪሞት ድረስ ባልዲ የሚቀበለው እሱ ነበር። አንድም ጠብታ አላፈሰሰም።"

"የእኔስ ባል የት ይቁም?" አልኳቸው።

"ካለበት አይነቃነቅ። ብርሃን አብሪለት። የማያየው ኤላ ሁሉ ጥልቅ ይመስላል። አትማዪለት፤ የሚምል ሰው ለእሱ የሚደብቅ ሰው ነው። አታልቅሺ። ማር አታብዢ። ማንም አልዶለተብህም ብለሽ አትከራከሪው፤ አዎ ዶልተውብሃል ብለሽም አታጽናኚው። አላየሁም፣ ካየሁ እነግርሃለሁ በዪው፣ ካየሽም ንገሪው። እናትሽ ትናገር። አንቺ ተርጉሚለት። ሁሉን።"

"መራራውንም?"

"መራራውን አስቀድመሽ። ጣፋጩን ብቻ የሚያቀብል አስተርጓሚ አንድ ቀን ይያዛል።"

የጠቀለልኩትን ልብሴን መልሼ ፈታሁ። ማታ ለባሌ "እናቴ እንድትናገር ፍቀድላት፣ ከአፏ የሚወጣውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር በአማርኛ እነግርሃለሁ" አልኩት። ሳልምልለት። "አንድ ቀን እናየዋለን" አለ። ነጠላዋ የአክብሮት መሆኑንም ያን ማታ ነገርኩት፤ አላመነኝም፣ ግን በማግስቱ አስተርጓሚውን ጠይቆ አረጋገጠ።

ፈተናው በሁለተኛው ቀን መጣ። ባሌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። እናቴ ዞር ብላ ምንጣፏን እየሠራች፣ ለእኔ ብቻ የምትናገር መስሏት፣ "ውይ ልጄ፣ የባልሽ እግር የሽመላ እግር ነው፤ ነፋስ ሲነሣ እንዴት ይቆማል?" አለች። ባሌ ቀና ብሎ "ምን አሉ?" አለ። ስለ ዝናብ አወራች ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሽማግሌው ቃል ትዝ አለኝ። ተረጎምኩት፤ ሽመላውንም ነፋሱንም።

ባሌ ሳፋው ውስጥ ያለውን እግሩን አየ። ብዙ አየው። ከዚያ "እውነታቸውን ነው፤ የአባቴም እንዲሁ ነበር" አለ። ስለ አባቱ ሲናገር ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። እናቴ "ማል ጄዴ?" አለችኝ፣ ምን አለ ለማለት። የተናገረችውን እንደነገርኩት ስነግራት ግን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ሶዳዬን በእግሩ የሰደብኩ አደረግሽኝ ብላ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ቀላል ነገር አልነበረም።

እንዲህ ተጀመረና ሰባት ዓመት ተረጎምኩ። ስለ ወተት፣ ስለ ቁርጥማት፣ ስለ ጎረቤት ፍየል፣ እሷ ወደ እሱ፣ እሱ ወደ እሷ። አንዳንድ ቀን አፌ የራሴ አልመስለኝ ይል ነበር፤ የራሴን ነገር ለመናገር ተራ የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ተቆጥቼ ሳህን የወረወርኩበት ቀንም አለ፣ ያንንም ለእናቴ መተርጎም ነበረብኝ። ግን ቤቱ ቆመ። ባሌ አልተለወጠም፤ ተለወጠ ብዬ ብጽፍ እሱ ራሱ ከመቃብር ተነሥቶ ማን ከፍሎሽ ነው ይለኛል። በቅሎዋን ሦስቴ እንደነካካ ነው። በአለቆቹ ላይ ክስ እየጻፈ ከነገሌ ወደ ተልተሌ ተዛወረ። ስንለያይ አስተርጓሚው እጁን ይዘው "ጌታዬ፣ የማውቀውን ሁሉ ነግሬዎታለሁ" አሉት። ባሌ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ለማንም እንዲያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነርስ የሆነችው ልጄ እንዲህ ያለው ነገር በመጽሐፍ ስም እንዳለው ነገረችኝ፤ የስብዕና መታወክ ይባላል አለች። ከጉርምስና ጀምሮ ከሰውየው ጋር የሚያድግ፣ ራሱን በሽተኛ ነኝ የማያሰኝ፣ እሱንም አጠገቡ ያለውንም የሚያደክም አመል ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች አይደበቅባቸውም፣ አይጨቀጨቁም፣ ከልክ በላይም አይባበሉም፣ ከእነሱ ጋር ግልጽ ሆኖ ነው የሚኖረው እያለች አነበበችልኝ። "ማን ጻፈው?" አልኳት። "የውጭ ሐኪሞች" አለችኝ። "እንግዲያው ቦረና መጥተው ከሽማግሌው ሰምተው ነው" አልኳት። ሣቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። መጽሐፍ ያላነበቡ ሰው አምስት ዓመት በእግራቸው ቆመው የሠሩትን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ የሞተችው ተልተሌ ነው፣ በበጋ፣ በቀትር። ቆርቆሮው ሙቀቱን ይተፋል። ሁለት ቀን ሳትናገር ተኝታ በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠችና እጄን ያዘች። ባሌ ከችሎት ተጠርቶ መጥቶ በሩ ጋ ቆሟል። እናቴ ያን ቀን ነጠላዋን የምትስብበት ጉልበት ስላልነበራት ፊቷን ሙሉ በሙሉ ያየው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። መናገር ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ በኦሮምኛ። ጥቂት ቃል እንደተናገረች እኔ እንደ ልማዴ ወደ ባሌ ዞርኩ። እንባዬ እየወረደ "እንዲህ ትላለች..." ብዬ ጀመርኩ።

እጁን አነሣ።

"ተዪው" አለኝ። "ላንቺ ነው የሚናገሩት።"

ወጥቶ በሩን ከውጭ ዘጋው። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ ዱካዋን፣ ያቺን ትንሽ በርጩማ፣ ስቦ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለበራችን ሰጥቶ። ዞር አላለም። እናቴ እስክትጨርስ ድረስ፣ ከጨረሰችም በኋላ ጩኸቴን እስኪሰማ ድረስ እንደዚያው ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። በዚያ ቀን ምን እንዳለችኝ እስኪሞት አንድ ጊዜም አልጠየቀኝም። እኔም እስከ ዛሬ ለማንም አልተረጎምኩትም።